ባሕር መሃል ያለው የሐበሾች ቤተ መንግሥት

ህንድ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው፤ ሐኪም ቤቱ፣ ሙቀቱና ታጅ ማሐል። ከሙምባይ በስተደቡብ በመኪና 165 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኮንካን የባሕር ዳርቻ ላይ ስለተቀመጠችው ሙሩድ ያወራኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። ሙሩድ የኮኮናትና የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ ከተማ ማለትም ለክብሯ ነው። ከእሷ አለፍ ብሎ ባሕሩ መሃል ባለች ደሴት ላይ ጃንጂራ የሚባል ምሽግ አለ። በዚያ ምሽግ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የገዙት ሰዎች ዘራቸው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከእኛው ምድር የሚቆጠር ነው። ህንዶቹ "ሲዲ" ወይም "ሐብሺ" ይሏቸዋል። ግዛታቸውም "ሐብሳን" የሚል ሌላ ስም ነበረው፤ የሐበሾች አገር ማለት ነው።

የሄድነው አራት ሆነን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፑኔ ከተማ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቱን ጨርሶ ስለነበር እኔ፣ እናቴና የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ደስታውን ልንካፈል ከአዲስ አበባ ሄድን። እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ከህንድ መጥተው ያስተማሩትን መምህራን አይረሳም፤ እሷንም ሒሳብ ያስተማሯት ህንዳዊ ነበሩ። ፑኔ ገበያ ውስጥ አንዱ ሻጭ አንገቱን ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ እኔና ልጄ "እምቢ አለ" ብለን ዞር ስንል፣ እሷ "እሺ ማለቱ ነው፤ መምህራችንም እንዲህ ነበሩ" ብላ ሒሳቡን ከፈለች።

ወደ ጃንጂራ የመሄዱ ሐሳብ የልጄ ነበር። ስልክ ላይ ስለ ማሊክ አምባር የተሠራ አጭር ቪዲዮ አይቶ "ህንድን የገዛው ኢትዮጵያዊ" ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ለትምህርት ቤት ጓደኞቹም ነግሯቸዋል። ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ በአንድ ነገር ሲኮራ ደስ ይላል፣ ግን ደግሞ ቪዲዮው ያልነገረው ነገር እንዳለ ስታውቁ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ቪዲዮው አምባር ንጉሥ ሠሪ መሆኑን፣ የሞጉሎችን ጦር ዓመታት ማንገላታቱን ይናገራል። እንዴት ህንድ እንደደረሰ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

ከፑኔ ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ የሳህያድሪን ተራሮች አቆራርጦ ነው። ከላይ አየሩ ነፋሻማ ነው፤ ታች ሲወረድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሩዝ እርሻ፣ የማንጎ ዛፍ፣ የዓሣ ማድረቂያ ቆጥ ይታያል። ግማሽ ቀን ገደማ ፈጀብን። እማዬ ጠመዝማዛውን መንገድ መቁጠሪያዋን ይዛ ዐይኗን ጨፍና ነው ያሳለፈችው። ከእንቅልፍ ይሁን ከጸሎት አልጠየቅኳትም።

መኪናው ውስጥ ለልጄ የአምባርን ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እናስበው። ልጁ የተወለደው በ1548 አካባቢ ነው። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ካበቃ አምስት ዓመት ገደማ ነበር፤ ምርኮኛ እንደ እህልና እንደ ቅቤ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደነበረ ተጽፏል። ተሸጦ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። በኋላ የደከንን አገር የጎበኘ አንድ የሆላንድ ነጋዴ እንደጻፈው በየመኗ ሞካ ወደብ ዋጋው ሃያ ዱካት ነበር። ከዚያ ባግዳድ ተወሰደ። እዚያ የነበረው ጌታው አስተማረው፤ ስሙንም አምባር ብሎ ለወጠው። ቀጥሎ ወደ ህንድ ተሻገረ። በአሕመድናጋር ቤተ መንግሥት ትልቅ ሹም የነበረው ቺንጊዝ ካን ገዛው፤ የሚያስደንቀው ይህ ቺንጊዝ ካን ራሱ ሐበሻና ቀድሞ የተሸጠ ሰው መሆኑ ነው። ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ፤ ጦር አሰባሰበ፤ በመጨረሻም ዙፋኑ ላይ ልጅ እያስቀመጠ አሕመድናጋርን በእንደራሴነት እስከ ሞተበት እስከ 1626 መራ። ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ከምድር በታች በተቆፈረ ቦይ ውኃ አስገባላት። ያቺ ከተማ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች። የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር አምባርን ከመጥላቱ የተነሣ የተቆረጠ ራሱን በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። በእውነቱ ዓለም ግን አንድም ቀን አልያዘውም።

"ሃያ ዱካት ስንት ብር ነው?" አለ ልጄ። ወንድሜ ሒሳቡን ሊጀምር ሲል እማዬ ዐይኗን ሳትገልጥ "ተወው፣ የሰው ዋጋ አይመነዘርም" አለችና ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ።

ወደ ምሽጉ የሚኬደው ራጃፑሪ ከምትባል መንደር ተነሥቶ ነው። ጀልባዎቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ ትልልቅ ሸራ ያላቸው ናቸው። ሃያና ሠላሳ ሰው ጎን ለጎን ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነፋሱ ከተመቸ ቶሎ ይደረሳል። ከእኛ ጋር የተሳፈሩት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው። ጀልባው ሲንቀሳቀስ አንዱ ጮኾ "ቻትራፓቲ ሺቫጂ ማሐራጅ ኪ" ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ "ጄይ!" ብለው መለሱ።

ሺቫጂ የማራታዎች ንጉሥ ነው፤ በ1674 ዘውድ የጫነ፣ በዚያ አገር ልጅ ሁሉ የሚወደው ጀግና። ጃንጂራ ደግሞ ሺቫጂ ደጋግሞ ሞክሮ ሊይዘው ያልቻለው ምሽግ ነው። ልጁ ሳምባጂም በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ በእግር ሊሻገር ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም። ስለዚህ እነዚያ ልጆች የሚሄዱት ጀግናቸው ያልገባበትን ደጅ ሊያዩ ነው። የእኔው ልጅ ደግሞ የሚሄደው የእሱ ጀግኖች ያልከፈቱትን ደጅ ሊያይ ነው። እዚያች ጀልባ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ብስኩት ሲካፈሉ እያየሁ፣ ማን ለማን ጠላት እንደነበረ ማስረዳቱን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

መሪውን የያዙት ሽማግሌ ወንድሜን ከወዴት እንደመጣን ጠየቁት። ወንድሜ በሰባራ ሂንዲው "ከሐበሽ" አላቸው። ሽማግሌው ሸራውን ለረዳታቸው ትተው እማዬን ከላይ እስከ ታች፣ ከነጠላዋ እስከ ጫማዋ አዩአት። ከዚያ በእጃቸው ወደ ምሽጉ አመለከቱና አንድ ነገር ተናገሩ። ወንድሜ እየሳቀ ተረጎመው፤ "እንግዲያው ወደ ቤታችሁ ነው የምወስዳችሁ።"

ከሩቅ ሲያዩት ምሽጉ በር የለውም። ግንቡ ከውኃው ተነሥቶ አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ክብ ክብ ማማዎቹ ተራ በተራ እየዞሩ ይሄዳሉ። በሩ በሁለት ማማዎች መካከል ስለተደበቀ አፍንጫው ሥር ካልተደረሰ አይታይም። የጠላት መርከብ በሩን ሲፈልግ መድፉ ሥር ይገባ ነበር ማለት ነው። ከበሩ ጎን ድንጋዩ ላይ ነብር የሚመስል አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ ጨምድዶ የሚያሳይ ቅርጽ አለ። ልጄ ዝሆኖቹን ደጋግሞ ቆጠራቸው።

ሽማግሌ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስለ መውረጃው ልንገራችሁ። ጀልባው ደረጃው ላይ አይታሰርም፤ ማዕበሉ ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ከፍ ባለበት ቅጽበት ይዘላል። ሁለት ጎረምሶች ደረጃው ላይ ቆመው ክንድ ይዘው ይጎትታሉ። እኔ "እማዬ፣ አንቺ እዚሁ ጀልባው ላይ ብትጠብቂን" ብዬ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና "ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ደጃፍ ላይ ልቀር?" አለች። ማዕበሉ ሲያነሣን ጎረምሶቹ እንደ ላባ አነሧት። የትምህርት ቤት ልጆቹ አጨበጨቡላት።

ውስጡ ፍርስራሽ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወርቅ የተለበጠ አዳራሽና የተንቆጠቆጠ ዙፋን የሚጠብቅ ሰው እንዳይከፋው ነው። ዛሬ ሰው አይኖርበትም፤ የዋርካ ዓይነት ዛፎች ሥራቸውን በግድግዳው ላይ እንደ ገመድ ጥለዋል። መሃል ላይ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ቆሟል። ፎቅ በፎቅ የነበረ ነው፤ ጣሪያው ስለሌለ በየመስኮቱ ሰማይ ይታያል። በሮቹ ቅስት ናቸው፤ እማዬ ገና ስታያቸው "ጎንደር ይመስላል" አለች። እኔ እንኳ ብዙ አልመሰለኝም፤ ግን የፈረሰ ግንብና በመስኮቱ የሚያልፍ እርግብ ሁሉንም ቤተ መንግሥት ዘመዳሞች ሳያደርጋቸው አይቀርም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ኩሬው ነው። ዙሪያውን ጨው ውኃ ከቦት፣ ደሴቲቱ መሃል ዙሪያው በድንጋይ የተገነባ ጣፋጭ ውኃ ያለበት ትልቅ ኩሬ አለ፤ እንዲያውም ሁለት ናቸው። ምሽጉ ያልተያዘበት ትልቁ ምሥጢር እሱ ሳይሆን አይቀርም። የተከበበ ሰው በመጀመሪያ የሚያልቅበት ውኃ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ውኃቸው ጓሯቸው ነበር። ልጄን ግን የገዛው መድፉ ነው። ካላል ባንግዲ የሚባለው ግዙፍ መድፍ አፉን ወደ ባሕሩ አዙሮ ተጋድሟል፤ ፀሐዩ ላይ ሲነኩት ያቃጥላል። ከዚያ ማማ ላይ ሆኖ ወደ ባሕሩ ሲታይ ሌላ ትንሽ ምሽግ ይታያል። ጃንጂራን መያዝ ያቃተው ሺቫጂ ትይዩው ያሠራው ፓድማዱርግ ነው።

ምሽጉ ከሐበሾቹ በፊት የማን ነበር ብለን ስንጠይቅ አስጎብኚው የተረከልን አፈ ታሪክ ለልጅ የሚነገር ነው። መጀመሪያ ደሴቲቱ ላይ አጥር ሠርተው የኖሩት ኮሊ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ የባሕር ወንበዴ ሲመጣ የሚሸሸጉባት። አንድ ቀን ፒራም ካን የተባለ ሐበሻ የጦር አለቃ ነጋዴ መስሎ መጣና በርሜሎቹን ለአንድ ሌሊት እንዲያሳድሩለት ለመነ። አለቃቸው እሺ አለ። ነጋዴው ባመጣው መጠጥ ሁሉም ሰክሮ ሲተኛ በበርሜሎቹ የተደበቁት ወታደሮች ወጡና ምሽጉን ያዙት። ልጄ ሳቀ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና "ዓሣ አጥማጆቹስ የት ሄዱ?" አለ። ዓሣ አጥማጆቹ የትም አልሄዱም። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያው ባሕር ላይ መረብ ይጥላሉ።

የሲዲዎቹ ሥልጣን መጀመሪያ ላይ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም ነበር። አለቃው ሲሞት የመርከቦቹ የመጀመሪያ ሹም ይተካል፤ ባሕሩን የሚያውቅ ይገዛል። ከነሱ አንዱ ያኩት ካን በ1689 እንግሊዞችን ቦምቤይ ድረስ ሄዶ ከብቧቸው ነበር፤ እንግሊዞቹ የዳኑት የሞጉሉን ንጉሠ ነገሥት ምሕረት ለምነው፣ ካሣ ከፍለው ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሥልጣኑ የቤተሰብ ሆነ፤ ገዢዎቹም ናዋብ ተባሉ። በ1948 ጃንጂራ ከህንድ ጋር ስትቀላቀል የናዋቦቹ ዘመን አበቃ።

ጥላ ፈልገን የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን ስንልጥ ነው ልጄ ጥያቄውን ያመጣው። መኪናው ውስጥ ከሰማው ጀምሮ ሲያብሰለስለው እንደነበር ያስታውቃል።

"እማማ፣ ቻፑን ማን ነው የሸጠው?"

እኔን ትቶ እሷን ነበር የጠየቀው። ዓረቦች ብዬ ልመልስለት አፌን ስከፍት እማዬ በእጇ ምልክት አስቆመችኝ።

"የሸጡት የእኛው ሰዎች ናቸው፣ የኔ ጌታ። የገዙት ሌሎች ናቸው። ከመንደሩ አውጥቶ እስከ ባሕሩ የነዳው ግን የእኛው ሰው ነው።"

ልጄ ብርቱካኑን አስቀመጠ። "እኛ እንኳን አልሸጥንም አይደል? የእኛ ቤተሰብ?"

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በእኔ ዕድሜ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችው። በአባቷ ቤት አንዲት ሴት ነበረች። እማዬን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት፣ ጸጉሯን የሠራቻት፣ ስትታመም አብራት ያደረች። ይህች ሴት በልጅነቷ ከሩቅ ምዕራብ ተሸጣ የመጣች ነበረች። በ1942 ባርነትን የሚሽር አዋጅ ሲታወጅ ነፃ ነሽ ተባለች። ወዴት እንደምትሄድ ግን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ እሷም መንገዱን ስለማታስታውስ፣ በዚያው ቤት ቀረች። እማዬ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ እየሸኘች የምታደርሳት እሷ ነበረች፤ በሩ ላይ ቆማ ደብተሩን ገልጣ ታያለች፣ ማንበብ ሳትችል።

"ማን ነው የሸጣት?" አለ ልጄ።

"ማን እንደሸጣት አላውቅም። ማን እንደገዛት ግን አውቃለሁ። የአባቴ አባት ናቸው።"

የትምህርት ቤት ልጆቹ ወደ መድፉ እየሮጡ አለፉ። ልጄ አልተከተላቸውም። አያቱን "ትወጃት ነበር?" ብሎ ጠየቃት። "እንደ እናቴ" አለች። "እሷስ ትወድሽ ነበር?" አላት። እማዬ "አዎ" ልትል እንደነበር አየሁ። ግን አላለችም። "ጠይቄያት አላውቅም" አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። በየቤታችን ያሉ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ዝም የሚሉት ልጅ ይከፋዋል ብለው ነው። እኔም በዚያች ሰዓት የፈራሁት ያንን ነው፤ ልጄ ኩራቱ ተሰብሮ ይመለሳል ብዬ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ማሊክ አምባር የሚጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ስንት ወታደር ነበረው፣ ስንት ጊዜ አሸነፈ ማለቱን ተወ። እናቱ ፈልጋዋለች? አማርኛ ወይም ሌላ የአገሩን ቋንቋ ኋላም ይናገር ነበር? የገዛው ሐበሻ ሹም ሲያየው በምን አወቀው? መልስ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ግን አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቃቸው ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው።

ከጀልባው ወርደን ሦስት መቃብሮች ወዳሉበት ኾክሪ ወደሚባል መንደር ሄድን። ያኩት ካን፣ ኻይርያት ካንና ሱሩል ካን የተቀበሩባቸው ናቸው። ባለ ጉልላት የድንጋይ ቤቶች፤ መስኮቶቻቸው እንደ ጥልፍ የተፈለፈሉ። ከቱሪስቱ ጩኸት በኋላ ጸጥታው ደስ ይላል፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተው ያመሰኳሉ። ናዋቦቹ በ1885 ሙሩድ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥትም ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ ይታያል። የግል ንብረት ስለሆነ አይገባበትም፤ እኛም ከአጥሩ ውጭ ቆመን ጉልላቶቹን አይተን አለፍን። እውነቱን ለመናገር ልጄ በዚያ ሰዓት የራበው ከመሆኑ የተነሣ ክፍት ቢሆንም አይገባም ነበር።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ክረምታቸውና ክረምታችን አንድ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ባሕሩ ስለሚቆጣ ጀልባው ይቆማል፤ ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከሙምባይ ለሚነሣ መንገዱን ማንድዋ ድረስ በመርከብ፣ ከዚያ በአሊባግ በኩል በመኪና መቀጠል ይቀላል። ውኃና ባርኔጣ ያዙ፣ ነጠላ ጫማ ግን አይሆንም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። ግንቡ ጠርዝ ላይ መከላከያ የሌለበት ቦታ ብዙ ነውና ትንሽ ልጅ ካላችሁ እጁን አትልቀቁ። ሙሩድ ላይ ዓሣ ብሉ። ዓሣውን በቅመም ለውሰው ጠብሰው ከሩዝ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል፤ ኮኩም ከሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የተሠራው ሐምራዊ መጠጥም ቃጠሎውን ያበርዳል። እማዬ ሁለት ብርጭቆ ጠጣችለት።

ያን ቀን ማታ እንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ልጄ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ቻፑን አምባር ብለው ስሙን ለውጠውታል፤ የዚያችስ ሴት የመጀመሪያ ስም ማን ነበር? እማዬ ያወጡላትን ስም እንጂ ሌላ አታውቅም። ከቤተሰቡ አሁን በሕይወት ያለችው ታላቅ እህቷ ብቻ ስለሆነች ስልክ ደወልንላት። አክስቴ ዘጠናን ተጠግታለች፤ ጆሮዋ ደከም ስላለ ልጄ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ ወዲያ ማዶ ረጅም ጸጥታ ሆነ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"አንድ ቀን ነግራኝ ነበር" አለች አክስቴ። "ወፍጮ ላይ ሆነን። እስኪ ላስበው፤ ነገ ደውሉልኝ።"